ስለ ወንዝ ራስ መዝገብ

በአገራችን ደጋ ከወንዝ ራስ በላይ ያለውን ዳገት፥ እንደ ከፍታው አስታና ጅብራ፥ ጓሳና ቀጋ፥ ዝቅ ሲልም አጋምና ክትክታ ለብሶ የሚታየውን፥ ብዙ ሰው «ጠፍ መሬት» ብሎ ይጠራዋል። ለእርሻ አይመችም፥ ለቤት ዕንጨት አይበቃም፤ ስለዚህ እንደ ከንቱ ይቈጠራል። ጠፍ የተባለ መሬት ዕጣው የታወቀ ነው፤ ወይ ለገብስ ይታረሳል፥ ወይ ለማገዶ ይመነጠራል፥ ወይም በበጎ አሳብ ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ይተከልበታል። ነገር ግን በቆላም በከተማም የሚጠጣው ውሃ ብዙው የሚወርደው ከዚሁ ጠፍ ከተባለው ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፥ ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ በደረቀበት በጥርና በየካቲት ምንጩ ሳይነጥፍ የሚቆየው፥ በቍጥቋጦው ሥር ያለው አፈር በክረምት የጠጣውን ውሃ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቀው ነው።

ይህ ዳገት ይጠበቅ ዘንድ ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኛም ያንኑ ለመድገም አላሰብንም። ዛሬ የምናሳስበው ሌላ ነገር ነው። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ፥ አብሮት የሚታጠበው አፈር፥ በላዩም የሚበቅለውና የሚጠፋው ቍጥቋጦ ከዓመት እስከ ዓመት ሳይቋረጥ ይለካ፥ ይጻፍ፤ መዝገቡም በሚመጣና በሚሄድ የርዳታ ገንዘብ ሳይሆን በመንግሥት ቋሚ በጀት ይያዝ እንላለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ አንድ የዝናብ መለኪያ፥ በወንዙ ላይ የተተከለ አንድ ባለ ቍጥር ዘንግ፥ አንድ ደብተር፥ አንድ ታማኝ ጸሓፊ ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ነገር በሌለበት አገር ስለ ውሃና ስለ ደን የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

«ሦስት ዓመት ከለካን ዐወቅነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ያስለካናል?» የሚሉ አሉ። የነዚህ መልስ ከራሳችን ወንዝ ይገኛል። የግብፅ ሰዎች በካይሮ አጠገብ በምትገኘው በሮዳ ደሴት የዓባይን ሙላትና ጕድለት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ይመዘግቡ ነበር፤ ዛሬ በዚያ የሚታየው የድንጋይ ዐምድ የቆመው በ861 ነው። በክረምት ሞልቶ ያ ዐምድ የሚለካው ውሃ ደግሞ አብዛኛው ከኛ ደጋ የወረደ ነበር፤ ወንዙ ከኛ፥ መዝገቡ ከነርሱ ዘንድ ሆነ ማለት ነው። ሃሮልድ ሐርስት የሚባል እንግሊዛዊ የውሃ ሊቅ፥ በግብፅ አገር በመንግሥት ሥራ ረጅም ዘመን የኖረ፥ ለዓባይ የሚሠራ የውሃ ማከማቻ ምን ያህል መስፋት እንደሚገባው ሲመረምር ይህን መዝገብ አገላበጠ። በ1951 ባወጣው ጽሑፍም የሙላት ዓመታት ከሙላት ዓመታት ጋራ፥ የጕድለት ዓመታትም ከጕድለት ዓመታት ጋራ ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው አስረዳ፤ ይህም መከታተል ነገሩ እንደ ዕጣ በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሚጠበቀው እጅግ የረዘመ ሆኖ ተገኘ። በ1968 ማንደልብሮትና ዋሊስ የተባሉ ሊቃውንት ይህን ጠባይ በዮሴፍ ስም ሰየሙት፤ ድንገት የሚደርሰውን ከልክ ያለፈ ጎርፍ ደግሞ በኖኅ ስም ጠሩት። ለመጽሐፍ ሰዎች ይህ ስያሜ ማብራሪያ አያሻውም። ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሦስቱን ብቻ ለክቶ ደብተሩን የዘጋ ሰው ስለ ግብፅ ምን ይነግረን ነበር? የለካው እውነት ነው፥ የሚሰጠው ምክር ግን አገር ያስርባል።

አሁን ከዓባይ ወጥተን ወደ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ እንሻገር፤ ለኛ ክርክር ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ያለው በዚያ ነውና። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ምዕራብ፥ ስቴለንቦሽ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ዮንከርስሁክ የሚባል ሸለቆ አለ። ተራሮቹ ረጅም ዛፍ የሌለባቸው፥ በአገሩ ሰዎች ቋንቋ ፌይንቦስ የሚባል ደቃቅ ቅጠል ያለው ቍጥቋጦ የሸፈናቸው ናቸው። የእኛ አስታ ዘመዶች በዚያ በብዙ መቶ ዐይነት ይበቅላሉ። መንግሥቱ በነዚህ ተራሮች ላይ ፓይን የሚባለውን መርፌ ቅጠል ዛፍ ለጣውላ ያስተክል ጀመር። ከሸለቆው በታች ያሉት ገበሬዎች «ዛፉ ወንዛችንን አደረቀው» ብለው ጮኹ፤ የደን ሰዎች ደግሞ «ደን ውሃን ይሰበስባል እንጂ አያደርቅም» ብለው መለሱ። ይህ ክርክር ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

መንግሥቱ በዚህ ጊዜ ያደረገው ግን ይደነቃል። ለአንዱ ወገን ከመፍረድ ይልቅ ዳኛውን አቆመ። በ1935 በዚያ አገር ተሰብስቦ የነበረው የደን ሊቃውንት ጉባኤ ጕዳዩ በምርመራ እንዲታይ ካሳሰበ በኋላ፥ በዮንከርስሁክ የምርመራ ጣቢያ ተቋቋመ። ጎን ለጎን ያሉ ትንንሽ ተፋሰሶች ተመርጠው በየወንዛቸው አፍ መለኪያ ተሠራላቸው። ከዚያ በኋላ የተደረገውን አስተውሉ፤ ዛፉ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ አልተተከለም። መጀመሪያ ሁሉም ቍጥቋጦአቸውን እንደ ለበሱ ለዓመታት ተለኩ። ከዚያም አንደኛው በ1940፥ ሌላው በ1948፥ ሌላው በ1956፥ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ በየተራቸው ተተከሉ። ላንግሪቪር የሚባለው አንዱ ተፋሰስ ግን ምንም ሳይተከልበት በተፈጥሮ ልብሱ እንዲቆይ ተደረገ፤ የሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ እርሱ ነውና። ዝናብ ቢያጥር በሁሉም ላይ ያጥራል፥ ቢበዛም በሁሉም ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ በተተከለውና ባልተተከለው መካከል የሚታየው ልዩነት የዛፉ ሥራ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ያሰበው ሰው የጻፈው ከራሱ ዕድሜ በኋላ ለሚመጡ አንባብያን መሆኑን ያውቅ ነበር።

ፍርዱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ዛፉ ገና ችግኝ ሳለ ወንዙ ላይ የታየ ለውጥ ጥቂት ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ተለክቶ ቢዘጋ ኖሮ «ዛፉ በውሃው ላይ ጕዳት የለውም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ዛፉ ሲያድግ ግን የወንዙ ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰ፤ ቅነሳውም የተተከለው ስፋት በበዛ መጠን የበዛ ሆነ። ገበሬዎቹ በዚያ አገር እውነት ነበራቸው። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ1972 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሰፊ መሬት በዛፍ እንዳይሸፍን የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ በ1995 ከወንዝ ራስ ላይ የባዕድ ዛፎችን እየነቀለ ለድኾች የቀን ሥራ የሚሰጥ ታላቅ የመንግሥት ሥራ ተጀመረ፤ በ1998ቱም የውሃ ሕግ ለጣውላ የሚተከል ደን የወንዝ ውሃን ከሚቀንሱ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ተደነገገ። በ2018 የኬፕ ከተማ ውሃ ሊነጥፍ ቀን በተቈጠረበት ጊዜ ሹማምንቱ ስለ ተራሮቹ ቍጥቋጦ የሚናገሩት ነገር በእጃቸው ነበር። ሌላው የዚያው አገር ጣቢያ፥ በድራከንስበርግ ተራሮች የሚገኘው ካቴድራል ፒክ፥ ግን በ1990ዎቹ ልኬቱ ተቋርጦበት የተጀመረው እንደ ገና ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከል ያለፈውን ዝናብ ማንም ተመልሶ ሊለካው አይችልም።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው የኬፕን ፍርድ ወደ ጎንደርና ወደ ባሌ ተሸክመን ለመሄድ አይደለም። የኬፕ ዝናብ የሚዘንበው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ አፈሩም፥ ዛፉም፥ ተራራውም ከኛ ይለያል። ይህ ራሱ ነው ክርክራችን፤ የሌላው አገር መዝገብ ሊያስተምረን እንጂ ሊፈርድልን አይችልም።

እኛም ብንሆን ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። በ1981 የእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር የሚገኘው የበርን ዩኒቨርሲቲ በመተባበር፥ ሃንስ ሑርኒ በሚባል የመልክዐ ምድር ሊቅ መሪነት፥ የአፈር ጥበቃ ምርምር ሥራ ተጀምሮ ነበር። በወሎ ማይባር፥ በሰሜን ሸዋ ከደብረ ሲና በላይ አንዲት ጥድ፥ በጐጃም አንጀኒ፥ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፥ በወላይታ ጉኑኖ፥ በኢሉባቦር ዲዚ፥ ዛሬም በኤርትራ በሚገኘው በአፍደዩ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ተፋሰሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንጀኒ 113 ሄክታር፥ አንዲት ጥድ 477 ሄክታር ነው። ከየአካባቢው የተመረጡ ሰዎች ዝናቡን ይለኩ፥ የወንዙን ከፍታ ያነቡ፥ ጎርፉ ሲደፈርስም በየጥቂት ደቂቃው ውሃውን በጠርሙስ እየቀዱ አፈሩን አጣርተው ይመዝኑ ነበር። ደራሽ የሚመጣው ደግሞ እኩለ ሌሊትም ይሁን ዶፍ ዝናብ፥ የሰው ምቾት ጠብቆ አይደለም። የነዚህ ሰዎች ስም በታላላቅ መጻሕፍት ላይ አይገኝም፤ ሊቃውንቱ የሚጠቅሱት ቍጥር ሁሉ ግን በነርሱ እጅ የተጻፈ ነው።

ከዚህ ሥራ የተገኘውን ፍሬ ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል። ሑርኒ እነዚህን ልኬቶች መሠረት አድርጎ በደጋችን ከታረሰ መሬት በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል፤ ይህም በጠቅላላው መሬት ላይ ቢሰጣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ነው። ለአንድ ዓመት ሲታይ ከምንም አይቈጠርም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን የእርሻውን ነፍስ ያወጣል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላው ነው። የአንዲት ጥድን፥ የአንጀኒንና የማይባርን የብዙ ዓመታት ደብተር አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት በ2008 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ በክረምቱ መጀመሪያ የሚዘንበውን አብዛኛውን ውሃ መሬቱ ይጠጣዋል፤ ዝናቡ ከትነቱ ተቀንሶ ተደምሮ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን መሬቱ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንግዲህ በሰኔና በነሐሴ የዘነበ እኩል ዝናብ እኩል ጎርፍ አይሰጥም ማለት ነው።

የአፈሩ ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንዙ እጅግ የሚደፈርሰው በክረምቱ መግቢያ፥ እርሻው ገና ታርሶ ለስልሶ ዘር ሳይሸፍነው ነው፤ ክረምቱ ሲገፋ ውሃው ቢበዛም ድፍርሱ ይቀንሳል። ይህ ለሥራ ሰው ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ አስቡ። እርከኑ የት ይሠራ፥ ቦዩ በምን ወር ይጠረግ፥ የትኛው ዳገት በቍጥቋጦ ይሸፈን የሚለው ሁሉ በዚህ ይወሰናል። በአንድ ሐምሌ መጥቶ ለክቶ የሄደ መርማሪ ግን ከዚህ አንዱንም አያየውም።

ይሁን እንጂ ሥራው በመጀመሪያ መልኩ የቆየው እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ጣቢያዎቹ ወደ ክልል የእርሻ ምርምር ተቋማት ተላለፉ፤ የመዝገቡም ክር እንደ ቀድሞው ጠብቆ አልቀጠለም። በ2011 የውሃና የመሬት ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲቋቋም ሥራው እንደ ገና ነፍስ ዘራ፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአንድ አገር የአፈርና የውሃ መዝገብ የውጭ ወዳጅ ሲመጣ የሚቃና፥ ወዳጁ ሲሄድ የሚላላ ሊሆን አይገባውም። ወዳጅ ለመነሻ ያግዛል፤ ለዘለቄታው ግን ባለቤት ያስፈልጋል።

መዝገብ የሌለው ምን እንደሚሆን ደግሞ ከደናችን ታሪክ እንማር። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 ከመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፥ ዛሬ ግን ከ3 ከመቶ በታች ሆኗል የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም፤ በትምህርት ቤት ተነግሯል፥ በጉባኤ ተደግሟል። ጄምስ ማካን የሚባለው የኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ ጸሓፊ ግን በ1997 የዚህን ቍጥር ሥር ቢፈልግ የተለካ ነገር ሳይሆን ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የተላለፈ አባባል ሆኖ አገኘው። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን አገራችን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዘው፥ የቤልጅጉ ሊቅ ያን ኒሰንና ባልንጀሮቹ በ2008 በየቦታው ቆመው ዳግመኛ ሲያነሡ፥ ብዙው ዳገት ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው የተሻለ ልብስ ለብሶ አገኙት። ይህ ማለት በአገራችን ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ጠፍቷል። ነገር ግን የት፥ መቼ፥ ስንት እንደ ጠፋ ሳያውቁ መንገር፥ ሐኪም የሕሙሙን እጅ ሳይዳስስ መድኀኒት እንደ ማዘዙ ነው።

በዚህ አንቀጽ አባቶቻችንን ካህናትን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ኢጣልያኖች በ1930ዎቹ ከአውሮፕላን ያነሧቸው የአገራችን ፎቶግራፎች፥ በወፍራም ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8,000 የሚበልጡ፥ በካርታ ሥራ ድርጅት ቤት ተረስተው ኖረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ተገኝተው ከአቧራ ተጠርገዋል። በደቡብ ጎንደር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በ1938ቱ ፎቶግራፍና በዛሬው ምስል ያነጻጸሩ መርማሪዎች ሁለት ነገር አዩ። አንደኛው የሚያስደስት ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ያለው ደን በጦርነቱም፥ በረኃቡም፥ በመንግሥት ለውጡም መካከል በስፋቱ ጸንቶ ቆይቷል። ሁለተኛው ግን ያሳዝናል፤ ደኑን ከእርሻው ይለየው የነበረው የቍጥቋጦ ቀለበት በብዙ ቦታ ጠፍቶ ሞፈሩ እስከ ደኑ ጫፍ ደርሷል። ደኑ በራሱ ቢቆምም ልብሱን ተገፍፏል፤ ነፋሱም ፀሐዩም ከብቱም በቀጥታ ይገቡበታል። ታቦቱን ያከበረ ሕዝብ ዛፉን ጠበቀ፤ ቍጥቋጦውን ግን ጠፍ ነው ብሎ ተወው። ያ ፎቶግራፍ ባይገኝ ኖሮ ቀለበቱ ከቶ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው ባልኖረ።

አባቶች ቍጥቋጦን የመጠበቅ ጥበብ አልነበራቸውም እንዳይባል የመንዝን ጓሳ እንጥቀስ። በዚያ ከፍታ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ቦታ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የጓሳ ሣርና የአስታ መሬት የአስቦና የጌራ ልጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሥርዓት ይጠብቁት ነበር። የተሾመው አለቃ መሬቱን ለሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ደርሶ ሕዝቡም ሲቸገር በበጋው ብርታት ይከፈትና ሣሩ ይታጨዳል፥ ማገዶው ይለቀማል፥ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ 5 በአቦ ዕለት ሰውም ከብትም ይወጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ መሬቱም ተጐዳ። ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ራሱ መልሶ አቋቋመው፥ የክልሉም ሕግ ዐወቀለት። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። ለኛ ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አለቃው ሣሩ መድረሱን የሚያውቀው ያለፈውንና ያለፈው ያለፈውን ዓመት ስለሚያስታውስ ነበር። ልኬት ማለት ይህንኑ ትዝታ በወረቀት ማኖር ነው እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ዛሬው ሥራ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡ በየክረምቱ እጁን አንሥቶ ችግኝ ይተክላል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ታላቅ በመሆኑም ምክንያት ሊለካ ይገባዋል። በአንድ የወንዝ ራስ ላይ አስታውና ጓሳው ተነቅሎ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ቢተከል ከዐሥር ዓመት በኋላ ምንጩ በየካቲት ይበዛልን ወይስ ይነጥፋል? መልሱ እንደ ቦታው፥ እንደ ዛፉ ዐይነትና እንደ አፈሩ ይለያያል። የተራቈተ ገደል በዛፍ ሲሸፈን አፈሩ ይድናል፥ ውሃውም ይሰርጋል፤ ጤነኛ ቍጥቋጦ ተመንጥሮ ዛፍ ሲተካ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የዮንከርስሁክ መዝገብ ለዚህ ምስክር ነው። ስለ ባሕር ዛፍም ያለው ክርክር ከዚሁ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ ካስመጡት ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰደብም ሲመሰገንም ኖሯል። የሚሰድበው ሰው ቤቱ በምን ማገር እንደ ቆመ ቀና ብሎ ይመልከት፤ የሚያመሰግነውም በዛፉ ሥር የነበረው ምንጭ ወዴት እንደ ሄደ ይጠይቅ። ሁለቱ እስከ ዛሬ የሚሟገቱት አብዛኛውን ጊዜ በአፍ እንጂ በመለኪያ አይደለም።

ደግሞ የዓባይን ግድብ እናስብ። በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከጐጃምና ከወለጋ፥ ከወሎና ከሸዋ የሚታጠበው አፈር ከእንግዲህ ወዲህ ሱዳን አይደርስም፤ ብዙው የሚያርፈው በገዛ ቤታችን ነው። ሕዝቡ ከመቀነቱ ፈትቶ የሠራውን ግድብ ዕድሜ የሚያሳጥረው ወይም የሚያረዝመው ከላይ ያለው ዳገት ነው። የግድቡን ደለል ከግድቡ አፍ ላይ ብቻ መለካት፥ ጎተራ መጕደሉን እያዩ ዐይጡ የሚገባበትን ቀዳዳ አለመፈለግ ነው።

«ሕዝብ እህል እየፈለገ መንግሥት ስለ ምን ዝናብ ለሚቈጥር ሰው ደመወዝ ይከፍላል?» የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በጀት ውስን ነውና። ነገር ግን ወጪውን ከሌላው ጋራ ያነጻጽረው። በአንድ ወረዳ እርከን ለማሠራት ስንት ሺህ ሰው ስንት ቀን እንደሚወጣ እርሱ ያውቃል። ያ ቦይ በደለል በስንት ዓመት እንደሚሞላና ሥራውን እንደሚተው የሚያውቅ ሰው ከሌለ፥ የሕዝቡ ጕልበት ከንቱ መፍሰሱንም የሚያውቅ የለም። ለካህናቱም እንዲህ እንላለን፤ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው፥ አምና አበቅቴውን ቈጥሬአለሁና ዘንድሮ አልቈጥርም አይልም።

እንግዲህ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የምንለምነው ብዙ አይደለም። ያሉት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው በበጀት መጽሐፍ ይግቡ፤ ጸሓፊዎቻቸውም እንደ ቀን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ይቈጠሩ፥ ለእያንዳንዱም ከአካባቢው ልጆች አንድ ደቀ መዝሙር ይሰጠው፤ አንድ ሰው ታሞ አልጋ ቢይዝ የአገር መዝገብ አብሮት እንዳይተኛ። አረንጓዴ ዐሻራ በሚተከልባቸው ዋና ዋና ተፋሰሶች አጠገብ ያልተተከለበት አንድ ቍጥቋጦ ለመመዘኛ ይተው፤ ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፥ መከልከል ብቻ ይበቃል። የቀድሞዎቹ የወረቀት ደብተሮች ያሉበት ተፈልጎ ይገልበጡ፤ ቍጥሩም ለሚጠይቅ ተማሪና ሹም ሁሉ ሳይደበቅ ይሰጥ። በየደብሩ ያሉ አለቆችም ቢሆኑ በቤተ ክርስቲያናቸው ደን ዙሪያ ያለውን የቍጥቋጦ ድንበር በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ዕለት ዞረው ቢያዩና በደብሩ መዝገብ ቢያጽፉ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ በእጃቸው ያለውን መዝገብ የሚተካ የትም አይገኝም።

አንድ ነገር ግን ቀን የሚሰጥ አይደለም። ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያን ቍጥር ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ አፈሩን የሚያጥበው የመጀመሪያው ደራሽ ግን ይህን ቀን ሳይጠብቅ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ደብተሩም፥ ጠርሙሱም፥ የጸሓፊውም ደመወዝ ግንቦት ሳያልቅ ከየጣቢያው መድረስ አለበት።